የማይከፈለው ክምር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ሲያልቅ ስንት ይወጣዋል? ልጆቹን እንቁጠር? የተከላቸውን ዛፎች? ወይስ ቀብሩ ላይ ከልቡ ያዘነውን ሰው ብቻ ነጥለን እንያዝ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከቱኒስ በስተደቡብ ባለችው በቀይረዋን ከተማ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ የሚጋፈጥ አንድ ሰው ነበር፤ ሲ ላሮሲ ይባላል። ሥራው ሌላው ሰው ኖሮ የተወውን ማካፈል ነበርና።

ውርስ አካፋይ ነበር። ሰው በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ለቅሶው ረገብ ሲል፣ ቤተሰቡ ሲ ላሮሲን ይጠራዋል። እሱም ቀይ የሸሺያ ቆቡን አጥልቆ፣ የቀለም ብልቃጡን በኪሱ ሸጉጦ ይመጣል። በመጀመሪያ ሟች የተወውን ይጠይቃል፤ ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የወይራ ዛፍ፣ በቅሎ። ቀጥሎ በሕይወት ያሉትን ይጠይቃል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንደ መስኮት ፍርግርግ ያለ መስመር ያሰምርና ለሚስት ስምንተኛውን፣ ለወንድ ልጅ ሁለት፣ ለሴት ልጅ አንድ እያለ ይወርዳል። አንድ የወይራ ዛፍ ለሰባ ሁለት ድርሻ የሸነሸነበት ቀን አለ፤ አንዲት አሮጊት ድርሻዬን አሳየኝ ብላው ወደ አንድ ቅርንጫፍ ጠቁሞ «ከዚህ እስከዚያ፣ ወፏ ካለችበት ወዲህ» አላት ይባላል። በአርባ ዓመት ውስጥ እጁ ሲስት የያዘው ሰው የለም። የከተማዋ ግማሽ አጥር የቆመው በእሱ ፊርማ ላይ ነበር።

አገሪቱ ከቅኝ ግዛት ነጻ ስትወጣ የቃዲዎቹ ፍርድ ቤት ተዘጋ። በምትኩ ማኅተምና የጽሕፈት መኪና ያለው ቢሮ ተከፈተ። ድርሻው ያው የድሮው ድርሻ ነው፤ የሚያካፍለው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ለሲ ላሮሲ የምስጋና ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱት። ስልሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ሰነባብታለች፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ከአገር ቤት ርቀው ይኖራሉ፤ ቤት ውስጥ የቀረችው ባሏን በቶሎ አጥታ የተመለሰችው ምንጣፍ ሠሪዋ ልጁ መብሩካ ናት። ቀኑን ሙሉ የሽመናዋን ማበጠሪያ ድም ድም ስታደርግ መስማት ሲታክተው ባብ ጀላዲን ከሚባለው የከተማው በር አጠገብ ወዳለው የፈርጃኒ ቡና ቤት ይሄዳል።

እዚያ ነው ናጂን ያገኘው። ናጂ በአዲሱ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ጠጉሩን ወደ ኋላ የሚያበጥር፣ ሲስቅ ሰውን ጉልበቱ ላይ የሚመታ።

«ሲ ላሮሲ፣ ዛሬ ምን አካፈሉ?» አለው አንድ ጠዋት።

«ጠዋቴን። ግማሹን ለአንተ፣ ግማሹን ለዝንቦቹ።»

«ዝንቦቹ ስንት ናቸው?»

«ቁጭ ቢሉልኝ ቆጥሬ እነግርህ ነበር።»

ናጂ ሳቀና ጉልበቱን መታው። ከዚያ የቼዝ ሰሌዳውን በመካከላቸው አስቀመጠ። «እንግዲያው ሥራ ልስጥዎት። በመጀመሪያው ቤት አንድ ፍሬ ስንዴ እናስቀምጥ። በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት፤ እንዲህ እጥፍ እጥፍ እያደረግን እንሂድ። ደስ ያለዎት ቤት ላይ ያቁሙኝና የተከመረውን ስንዴ ሁሉ ለወራሾች እኩል ያካፍሉልኝ።»

«ወራሾቹ ስንት ናቸው?»

«የፈለጉትን ያህል። አንድም ፍሬ አይትረፍ እንጂ ስለ ወራሾቹ ብዛት አልጨቃጨቅም።»

የስንዴውን ነገር ሲ ላሮሲ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ለማካፈል ግን አስቦ አያውቅም። ቤቱ ሲገባ በቀልድ ጀመረው። ሁለት ቤት ሦስት ፍሬ ነው፤ ለሦስት ሰው አንዳንድ መስጠት ደግሞ መበተን እንጂ ማካፈል አይባልም፤ ስለዚህ አይከፈልም። አራት ቤት አሥራ አምስት ነው፤ ለሦስት ወራሽ አምስት አምስት። አምስት ቤት ሠላሳ አንድ፤ እምቢ አለ። ሰባት ቤት መቶ ሃያ ሰባት፤ እሱም እምቢ። አሥራ አንድ ቤት ላይ ክምሩ 2047 ደረሰና እሱም እምቢ ይላል ሲባል ለሃያ ሦስት ወራሽ ሰማንያ ዘጠኝ ሰማንያ ዘጠኝ ሆኖ ተሸነፈ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ሁሉም እምቢ አሉ። ሃያ ሦስተኛው በአርባ ሰባት ወራሽ እጅ ሰጠ። ሃያ ዘጠነኛው ሁለት ቀን አልፍቶት በ233 ተሰነጠቀ።

ሠላሳ አንደኛው ቤት ላይ ሲደርስ ክምሩ 2147483647 ፍሬ ሆነ። ሲ ላሮሲ ይህን ክምር ለሰባት ሞከረው። ለአሥራ ሦስት። ለመቶ አንድ። እስከ አንድ ሺህ ወራሽ ድረስ ሄደ። ሁልጊዜ የሆነ ፍሬ ይተርፋል። ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጠ። ዕድሜ ልኩን ያካፍል የነበረ ሰው ነው፤ ቤት ሲሰነጠቅ፣ በቅሎ ሲሸጥ፣ ወንድማማች ጀርባ ሲሰጣጣ ሲያይ የኖረ። አሁን አንድ ነገር በእጁ ላይ እምቢ አለው። በዚህ እምቢታ ለምን ያን ያህል ደስ እንዳለው ለራሱም አልገባውም።

በማግስቱ ቡና ቤቱ ውስጥ ቆሞ ተናገረ። «የሠላሳ አንዱ ቤት ክምር አይከፈልም። ወራሽ ቢመጣ አንድ ይምጣ፣ ሙሉውን ይዞ ይሂድ።»

ናጂ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሲ ላሮሲ፣ እልኸኛ የሚሆነው ትንሽ ቁጥር ነው። ይኼን የሚያህል ክምር የሆነ ቦታ ስንጥቅ አያጣም። እርስዎ አላገኙትም እንጂ።»

«እጄ ካላገኘው የለም ማለት ነው።»

«እጅማ ይስታል።»

ሲ ላሮሲ ፊቱ ቀላ። «ለዚህ ክምር አካፋይ ካገኘህለት» አለ፣ «አርባ ዓመት የፈረምኩበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስበህ ቅደደው።»

ይህ ከአፍ ያመለጠ ቃል ነበር። እዚያ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል በሲ ላሮሲ ፊርማ አጥር ያላጠረ አልነበረም። ኮርቻ ሰፊው ሃሽሚ ከጥግ በኩል ጉሮሮውን ጠረገ። ከሃያ ዓመት በፊት ከወንድሙ ጋር ቤት ሲካፈሉ ጉድጓዱ ለወንድሙ ደርሶ፣ እሱ ዛሬም ድረስ ውኃ የሚቀዳው እያስፈቀደ ነው። «ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ ሃሽሚ። «ቃል ነው። እኔ እንግዲህ ባልዲዬን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።»

ናጂ ከሰል አንሥቶ ቁጥሩን በነጩ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፈው። «ኧረ ግድግዳዬ!» አለ ፈርጃኒ ትሪውን እንደያዘ። «ቡና ቤት ነው የከፈትኩት ጥቁር ሰሌዳ?»

ሥራው ከዚያ ቀን ተጀመረ። ሲ ላሮሲ ከወራሽ ብዛት ሁሉ መሞከር ያለበት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ለየ። ለሁለትና ለሦስት እምቢ ያለ ክምር ለስድስትም እምቢ ይላል፤ ስለዚህ መሞከር ያለባቸው ራሳቸው የማይከፈሉት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ወራሹ ከ46340 በላይ ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ከዚያ ያንሳል፤ ወራሽና ድርሻ ቦታ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ያኛው ወገን ቀድሞ ተሞክሯል ማለት ነው። ድንበሩ ታወቀ።

የማይከፈሉትን ለመለየት መብሩካ የምንጣፍ ጥለት የምትነድፍበትን ባለ ካሬ ወረቀት ለመናት።

«ስንት ካሬ ነው የምትፈልገው አባዬ?»

«አርባ ስድስት ሺህ ከሦስት መቶ አርባ።»

መብሩካ ክሯን ጥርሷ ላይ እንዳደረገች አየችው። «ይኼ እኮ ትልቅ ሳሎን የሚሞላ ምንጣፍ ነው።»

«አንቺ ቋጠሮ እያስገባሽ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እያወጣሁ እሠራለሁ። እንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እናያለን።»

ክረምቱን ሙሉ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ከረመ። የሁለትን ብዜት ሰረዘ፣ የሦስትን ሰረዘ፣ የአምስትን፣ የሰባትን፤ እንደ ወንፊት አንገዋለለው። ሲጨርስ ሳይሰረዙ የቀሩት 4792 ነበሩ። ሠላሳ አንድ ደብተር ገዛ፤ ለእያንዳንዱ የሰሌዳ ቤት አንድ። ከጁምዓ በቀር በየቀኑ፣ ከማለዳ ሶላት በኋላ ፀሐይ ግቢው መካከል እስክትደርስ፣ አምስት አምስት ማካፈል ይሠራል። አንዱ አካፋይ ያለቀ ሲመስለው እንኳ አያልፈውም፤ በሦስት ሚዛን ይመዝነዋል። ይህን የተማረው በወጣትነቱ ቱኒስ በዘይቱና የእስልምና ትምህርት ቤት ሲማር ከአንድ ኮስታራ ሼህ ነው። በዘጠኝ፣ በሰባትና በአሥራ አንድ እያካፈሉ ቀሪዎቹ መስማማታቸውን ማየት ነው። ሼሁ ተማሪዎቹን ሲያስጠነቅቅ «ዘጠኝ ጨዋ ሰው ነው፤ ፊትህን አይቶ ያሳልፍሃል። አሥራ አንድ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ኪስህን ይፈትሻል» ይል ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ዘጠኝን ብቻ ነው።

አንድ ዓመት አለፈ። ሁለተኛው ተከተለ። ሰው መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ ተለማመደው። «ስንተኛው ደብተር ላይ ነዎት?» ይሉታል በመንገድ ሲያልፍ፣ የበሽተኛ ጤና እንደሚጠይቁ ሁሉ። ሃሽሚ ደግሞ ባየው ቁጥር ባዶ እጁን ባልዲ እንደያዘ ያወዛውዝለታል።

በቀይረዋን መውሊድ ሲቃረብ ከተማው ሁሉ ኖራ ይቀባል። ፈርጃኒም ቡና ቤቱን በየዓመቱ ያስቀባል። ሰዉ ቁጥሩ እንዳይጠፋ ስለሚፈልግ ከመቀባቱ በፊት በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ይገለብጠውና ኖራው ሲደርቅ መልሶ ይጽፈዋል። ሁለት መውሊድ በዚህ አኳኋን በሰላም አለፈ።

በሦስተኛው መውሊድ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ቤቱ ትኩስ ኖራ እየሸተተ ሰው ሞልቶት ነበር። ሲ ላሮሲ ሃያ ሰባተኛውን ደብተር ሊጨርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሻዩን ገና እንደተቀበለ ናጂ እየሮጠ ገባ። በእጁ ወረቀት አለ።

«ስልሳ አንድ!» አለ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ሲ ላሮሲ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ በጨዋታ ነበር የጀመርኩት። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሳሉ ሥራ ፈትቼ ትናንሾቹን አካፋዮች እንደ ገና ሞከርኩ። ስልሳ አንድ ያካፍለዋል። ለእያንዳንዱ ወራሽ 35204647 ይደርሰዋል። አንድም ፍሬ አይተርፍም!»

ሃሽሚ ከጥግ ተነሣ። «ባልዲዬን!» አለ። «ማነው ባልዲዬን የሚያመጣልኝ? ያ ጉድጓድ እንደ ገና ይታያል!»

«ቁጭ በል ሃሽሚ» አለ ፈርጃኒ።

«ለምን ቁጭ እላለሁ? ቃሉ የእሱ ነው። ሁሉም ወረቀት ይቀደድ አላለም? በስልሳ አንድ የሚስት ሰው እኔን በሁለት አይስትም?»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ የራሱን አጥር ያስብ ጀመር። ሲ ላሮሲ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ስልሳ አንድ በመጀመሪያው ደብተር አሥራ ስምንተኛው ነው። ቀሪው አምሳ ስምንት ነበር፤ ያስታውሰዋል። ግን እውነት ያስታውሰዋል? ያኔ ጀማሪ ነበር፣ ሥራው ገና ትኩስ ነበር፣ ሰውም ይስቅበት ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ላይ ስቶ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ያሉት አራት ሺህ ማካፈሎች፣ ሦስት ዓመት ጠዋት፣ እና ከእነሱ በፊት የነበሩት አርባ ዓመታት ሁሉ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ባዶ ሆኑ።

«ወረቀቱን ስጠኝ» አለ።

ዝቅ ብሎ በዘጠኝ መዘነው። አሃዞቹን እየደመረ፣ ዘጠኝ ዘጠኙን እየጣለ። የክምሩ ቀሪ አንድ። የስልሳ አንድ ሰባት፤ የድርሻው አራት፤ ሰባት በአራት ሃያ ስምንት፤ ሃያ ሰባቱ ወደቀና አንድ ቀረ። አንድ ከአንድ ጋር። ሚዛኑ ገጠመ።

«እኔም በዘጠኝ አረጋግጫለሁ» አለ ናጂ ቀስ ብሎ። ድል ያደረገ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያዘነ ነበር።

ሲ ላሮሲ ብዕሩን አላስቀመጠም። ኮስታራው ሼህ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። አሁን በአሥራ አንድ ያዘ። በአሥራ አንድ ሲመዘን አሃዞቹ አንድ ጊዜ ይደመራሉ፣ አንድ ጊዜ ይቀነሳሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አሃዝ የቆመበትን ቦታ ይጠየቃል። የክምሩ ቀሪ አንድ ነው፤ ይህን በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል። የስልሳ አንድ ስድስት። የድርሻው አምስት። ስድስት በአምስት ሠላሳ፤ ሃያ ሁለቱ ሲወድቅ ስምንት።

ሽማግሌው ቀና አለ። ዓይኑ ተለውጧል።

«አንድ እና ስምንት» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ሃሽሚ።

«ኪስ ሲፈተሽ የሌላ ሰው ዕቃ ተገኘ ማለት ነው። ኡስታዝ፣ ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

«ከግድግዳው ነዋ!»

«በል አንተ ራስህ አባዛው። ስልሳ አንድን በድርሻው።»

ናጂ አባዛ። ወጣለት፤ ከግድግዳው ጋር አስተያየው። «አንድ ነው» አለ። «ያው ራሱ ነው። ማካፈሌ ልክ ነው።»

«ማካፈልህ ልክ ነው። እጅህ ንጹሕ ነው፣ አላህ ይባርከው። እኔን ግን አትመኑኝ፤ ግድግዳውንም አትመኑት። ስንዴውን እንመን። ፈርጃኒ፣ ሰሌዳውን አምጣ!»

የቼዝ ሰሌዳው መጣ። ሲ ላሮሲ ጣቱን በመጀመሪያው ቤት ላይ አሳረፈ። «አንድ» አለ።

«ሁለት» አለ ፈርጃኒ፣ ሳያስበው።

«አራት» አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች።

«ስምንት! አሥራ ስድስት! ሠላሳ ሁለት!» ቡና ቤቱ ያዘው። አንድ ሺህ ሃያ አራት ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ጨዋታቸውን ጣሉ። ሠላሳ ሁለት ሺህ ላይ ከመንገድ ሰው መግባት ጀመረ። ከሚሊዮን በላይ የብዙዎች ምላስ ተሳሰረ፤ ናጂ ብቻ እየጻፈ፣ ሲ ላሮሲ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ እየጠራ፣ ሌላው በየቤቱ መጨረሻ ላይ «እጥፍ!» እያለ ጠረጴዛ እየደበደበ ሄዱ። አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሚሊዮን። «እጥፍ!» በሠላሳ አንደኛው ቤት ላይ 1073741824 ተጻፈ።

«ክምሩ ሁሉ የዚህ እጥፍ ነው፣ አንድ ሲጎድል» አለ ሲ ላሮሲ። «ጻፍ፣ ኡስታዝ።»

ናጂ ጻፈ። ግድግዳውን አየ። ወረቀቱን አየ። ተነሥቶ ሄዶ ጣቱን በግድግዳው ላይ ከአሃዝ ወደ አሃዝ አስኬደ። መጨረሻው አካባቢ ቆመ።

«ስድስት መቶ አርባ ሰባት መሆን አለበት» አለ። «እዚህ ያለው አራት መቶ ስልሳ ሰባት ነው። አራቱና ስድስቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።»

«ድምራቸው ያው ስለሆነ ዘጠኝ አላያቸውም» አለ ሲ ላሮሲ። «ጨዋ ነው አላልኳችሁም?»

ሁሉም ዞሮ ፈርጃኒን አየ። ፈርጃኒ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አወጣ፣ ጀርባውን አገላበጠ፣ ወደ ብርሃን አስጠጋው። «እኔ እኮ...» አለ፤ «ኖራው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

«አንተ ሰውዬ!» አለ ሃሽሚ። «የእኔንም ሻይ እንደዚህ ነው የምትጽፈው?»

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ናጂ መጥቶ የሽማግሌውን ግንባር ሳመ። «አሥራ አንድን ያስተምሩኝ» አለው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየጁምዓው ከሰዓት ቡና ቤቱ ውስጥ አጠገቡ እየተቀመጠ ሦስቱን ሚዛን ተማረ። ፈርጃኒ ግን ከዚያ ወዲያ ኖራ ሲቀባ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ዘልሎት ይቀባ ጀመር፤ አንዷ የግድግዳ ቁራጭ እስከ ዛሬ ከሌላው የጠየመች ናት።

ቀሪዎቹ አራት ደብተሮች ክረምቱን ፈጁ። የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ መብሩካ ከሰል አቀጣጥላ አጠገቡ አስቀምጣለታለች። የመጨረሻው ወራሽ 46337 ነው። አካፈለ። ለእያንዳንዱ 46344 ደረሰ፤ 41719 ፍሬ ተረፈ። በዘጠኝ መዘነ። በሰባት መዘነ። በአሥራ አንድ መዘነ። ሁሉም ገጠመ። ድርሻውና ወራሹ ሊነካኩ ሰባት ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም። ሲ ላሮሲ ተነሥቶ ወደ ሽመናው ክፍል ሄደና በሩ ላይ ቆመ።

«መብሩካ።»

«አቤት አባዬ።»

«አልተከፈለም።»

መብሩካ ማበጠሪያዋን ጣለች። እልልታዋ ከግቢው አልፎ፣ ጎረቤት ተቀብሎት፣ ከዚያ ሌላው ጎረቤት ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ተቀብሎት፣ ሲ ላሮሲ ባብ ጀላዲን ሳይደርስ ወሬው ቀድሞት ደረሰ። አንዳንዶች ሰርግ መስሏቸው ነበር። ፈርጃኒ መቅሩድ የሚሉትን ጣፋጭ ሙሉ ትሪ አሰልፎ ጠበቀው፤ የቴምሩ ሽሮፕ ገና እየተንጠባጠበ ነበር። ሃሽሚ ከሁሉም ፊት ቆሞ ነበር። በእጁ ባልዲ ይዟል፣ እውነተኛ ባልዲ። ውስጡ እስከ አፉ ብርቱካን ሞልቶታል።

«ጉድጓዱስ?» አለው ሲ ላሮሲ።

«የወንድሜ ነው» አለ ሃሽሚ። «አርባ ስድስት ሺህ ጊዜ ያልሳተ እጅ እኔ ላይ ብቻ አይስትም።»

«አራት ሺህ ከሰባት መቶ ዘጠና ሁለት ጊዜ ነው።»

«አያድርስ! ዛሬም ታርመኛለህ?»

ናጂ ሁሉንም ጽፎ በዋና ከተማው ለሚያስተምር አንድ ምሁር ላከ። መልሱ የመጣው በጋ ሲገባ ነው። ናጂ ደብዳቤውን ቡና ቤቱ ውስጥ እያነበበ መሐል ላይ ድምፁ ወረደ፤ ሊዘለው ፈለገ፤ ሲ ላሮሲ ግን «ሁሉንም አንብብ» አለው። ምሁሩ ሥራው ፍጹም ትክክል ነው ይላል። ነገር ግን ቁጥሩ የማይከፈል መሆኑን አንድ የሩቅ አገር ሊቅ ካረጋገጠው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ያም ሊቅ አጭር መንገድ ነበረው፤ ይህን ክምር ሊያካፍል የሚችል ቁጥር ቢኖር ለ248 ሲካፈል አንድ ወይም ስልሳ ሦስት የሚተርፈው ብቻ መሆኑን ስላወቀ፣ ብዛታቸው መቶ የማይሞላ አካፋዮችን ብቻ መሞከር በቅቶታል።

ፈርጃኒ ትሪውን ደረቱ ላይ አቀፈ። ሦስት ዓመት ጠዋት! ሁሉም ሽማግሌውን ማየት ፈራ።

ሲ ላሮሲ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መሰላቸው። ከዚያ ሳቁ ወጣ፤ ሸሺያው እስኪዘነበል፣ ዓይኑን በመዳፉ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ።

«እናንተ ሰዎች» አለ፣ «አርባ ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖሩ ምን ተማራችሁ? ወረቀት የሚጸናው ስንት ሰው ሲፈርምበት ነው?»

«ሁለት» አለ ሃሽሚ።

«ሁለት! ውል ጸሐፊ ብቻውን ከፈረመ ወረቀቱ ባዶ ነው። ያ ሰውዬ ሁለት መቶ ዓመት ብቻውን ቆሞ ሁለተኛ ምስክር ይጠብቅ ነበር። እሱ በአጭሩ መጣ፣ እኔ እያንዳንዱን በር እያንኳኳሁ መጣሁ፤ ተገናኘን። አሁን ጸና። ናጂ፣ ልጄ፣ ብዕር ስጠኝ።»

ወደ ግድግዳው ሄዶ ከቁጥሩ ሥር ፈረመ። ከፊርማው ጎን ለሌላኛው ሰው ባዶ ቦታ ተወለት።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ከሁሉም ዓመታቱ ደስተኞቹ እነዚያ ነበሩ፤ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። አዲሱ ቢሮ የተጠላለፈ ውርስ ሲገጥመው በጓሮ በር ሰው ይልክበት ጀመር። በእርጅናው ደግሞ ዕድሜ ተደምሮ ስንት እንደሚወጣው የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ፣ በጉልበቱ ላይ ያለውን ደብተር መታ መታ አድርጎ «ስንት እንደሚወጣው አላውቅም፤ የእኔ ግን አንድ ያልተከፈለ ነገር አለው» ይል ነበር።

ሲታመም ሦስቱንም ልጆቹን አስጠራ። ድርሻቸውን ራሱ በእጁ ጻፈ፤ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለመብሩካ አንድ፣ በጠቅላላ አምስት። ቤቱን እንዲህ፣ ወይራውን እንዲያ አለ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ወደ ተደረደሩት ሠላሳ አንድ ደብተሮች ጠቆመ።

«እነዚህን ግን አታካፍሉብኝ» አለ። «ማንም ይውሰዳቸው፣ አንድ ላይ ይሁኑ። ዕድሜዬን ሁሉ ለሰው ሳካፍል ኖሬአለሁ፤ ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ሙሉውን ተዉልኝ።»

እሺ አሉት፤ ሦስቱም እያለቀሱ እሺ አሉት። በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ለቅሶው ረገብ ሲል፣ አባቱን ያልወደደ ስላልነበረ ማንም ለማንም ሊተውላቸው አልቻለም። ታላቁ አሥራ ሁለት ወሰደ፣ ታናሹ አሥራ ሁለት፣ መብሩካ ስድስት። የተረፈውን ሠላሳ አንደኛውን ደብተር መብሩካ በምንጣፍ መቀስዋ የጥራዙን ክር በጠሰችና ገጾቹን ለአምስት ድርሻ አካፈሏቸው።